አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅኳቸው

አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ሰመረኣብ፣

ከሁሉ በፊት ይህን እወቅ፤ አባትህም እናትህም በሕይወት አሉ። ቆመህ የምታነብ ከሆነ ግን ተቀመጥ። ነገሩን ከመጀመሪያው አንስቼ በየተራው እነግርሃለሁ፣ ዘለህ መጨረሻውን እንዳታይ። አውቅሃለሁ፤ ጋዜጣ እንኳን ከኋላው ገጽ ነው የምትጀምረው።

በደብዳቤ የመጣሁት ኩራት ይዞኝ አይደለም። ከእሑድ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደደወልኩ ስልኬ ይመስክር። እናንተን የመታው ታይፉን የሚሉት ዐውሎ ነፋስ ያላችሁበትን ደሴት የስልክ መስመር ስለበጠሰው ጥሪው አይገባም። የኩባንያችሁ ሰዎች ከሲያትል ሆነው "ሠራተኛው ሁሉ ደህና ነው፣ መልእክት ለማድረስ ግን መስመሩ እስኪጠገን ጠብቂ" አሉኝ። እኔ ደግሞ የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም። ደግነቱ አብሮህ ዓሣ የሚያጸዳው ተገኝ ዕረፍቱን ጨርሶ ነገ ወደ አላስካ ይበራል። በእጁ ልኬልሃለሁ፤ አንብበህ ሳትጨርስ ከአጠገብህ እንዳይነሣ አስምዬዋለሁ።

እዚህም የደረሰው ዝናብ የዚያው ታይፉን ርዝራዥ ነው አለ የቴሌቪዥኑ ሰውዬ። ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ጀመረ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሳይወጡ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ መኪና ይንሳፈፍ ነበር። እንዲህ ያለ ዝናብ በዚህ አገር አይቼ አላውቅም። ግማሽ ጎናቸው ከመሬት በታች የሆኑት አፓርታማዎች፣ እነዚያ መስኮታቸው ከሣሩ እኩል የሆነው፣ ውሃው በመስኮት ገባባቸው። እኛ ቤት ምንም አልሆነም። እኛ ሰፈር፣ ግሪን ቫሊ ራንች፣ ውሃውን ሣሩ ጠጣው፣ አበቃ።

ረቡዕ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ገበያ መሰለ። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ባልዲ፣ ድስት፣ ዳይፐር፣ ምንጣፍ የሚያደርቅ ትልልቅ ፋን፣ ሰው ያለውን ተሸክሞ መጣ። አንድ ሰው ሰባት ፔርሙዝ አመጣ፤ ከየት እንዳገኘው እስካሁን አልገባኝም። የሰበካ ጉባኤው ሀይለማርያም ዕቃውን ተረከበ፣ ወንድሙ የሚባል ጎረምሳ የጭነት መኪና ይዞ መጣ፣ እኔ ዝርዝሩን ያዝኩ። ዝርዝር እንደምወድ ታውቃለህ። ቅጹን ያረቀቅኩት እኔው ነኝ፤ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ከዚያ የዕቃው ዓይነት በየአምዱ። የመጨረሻው አምድ "አያስፈልጋቸውም" ይላል። እሱን የጨመርኩት ሥራ ለማቅለል ነበር።

ሐሙስ ከወንድሙ ጋር ቤት ለቤት ወጣን። ፒዮሪያ ላይ ኤልዳና የምትባል፣ ከመጣች ዓመት ያልሞላት ልጅ እግር እናት አገኘን። በሩን በትከሻዋ ደግፋ "እኛ ደህና ነን፣ ለባሰባቸው ስጡ" አለች። ሁለተኛ ጠየቅኳት፤ "ኧረ አታስቡ፣ ምንም አልጎደለን" አለች። ሦስተኛ ጊዜ "እስቲ የሚጠጣ ውሃ ስጪኝ" ብዬ ገባሁ። ምንጣፉ በረገጥኩት ቁጥር ውሃ ይተፋል። ከቁም ሣጥኑ አንድ መሳቢያ ነቅላ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ የአራት ወር ልጇን እዚያ ውስጥ አስተኝታታለች። አንጀቴን በላችው። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ፋን፣ ሁሉንም አወረድንላት፤ ስታለቅስ ነው የወጣነው።

መኪና ውስጥ ወንድሙ ላይ ጉራዬን ነዛሁ። "የእኛ ሰው ደህና ነኝ ሲልህ ገና ወሬ መጀመሩ ነው። አንድ ጊዜ ጠይቆ የሚሄድ ሰው እርዳታ ላይ ባይሰማራ ይሻላል፣ ቤቱ ይቀመጥ" አልኩት። በዚህ አፌ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ቻምበርስ ሮድ ደረስን።

የወላጆችህ ሕንጻ ዝርዝሩ ላይ እንዳለ ከጠዋት ጀምሮ አይቼዋለሁ። ወንድሙን ልላከው ብዬ ነበር፤ ኋላ "ፈርታ ነው ይላሉ" አልኩና ራሴው ደረጃውን ወረድኩ።

ሰመረ፣ ለምን እንደፈራሁ አንተ ታውቃለህ፤ ግን አንድ ጊዜ በጽሑፍ ልበለው። ወላጆቼን ከእኛ ጋር እናኑር ባልከኝ ጊዜ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ መጦሪያ ቤት የሰው እናትና አባት ሳጥብ፣ ሳጎርስ ውዬ፣ ማታ ደግሞ በቤቴ አልችልም አልኩህ። እሱን ብቻ ብዬ ባበቃ ደግ ነበር፤ ሌላውን የተናገርኩህን እዚህ አልደግመውም፣ አንተም አልረሳኸውም። እነሱ ቻምበርስ ሮድ ምድር ቤት ተከራዩ። አንተ ለአንድ የዓሣ ወቅት ብለህ ሄድክ፤ ይኸው ዓመት ከሁለት ወር። እሑድ እሑድ ልጃችንን ሔቨንን ታናግራለህ። "ማሚን ላቅርባት?" ስትልህ "ሌላ ጊዜ" ትላታለህ። ከኩሽና ሆኜ እሰማለሁ።

አባትህ በሩን አንድ ስንዝር ብቻ ከፈቱት። ቤት ውስጥ ካፖርትና ኮፍያ አድርገዋል።

"አባባ ደበሳይ፣ እንደምን ዋሉ? ውሃው ገባባችሁ እንዴ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ እኛን አልነካንም። ከእኛ የባሰባቸው ሞልተዋል፤ ለእነሱ ስጡ።"

ከውስጥ እናትህ "ማነው?" ሲሉ ሰማሁ። "ስምረት ናት" አሉ አባትህ። "ታዲያ ግቢ በላት እንጂ!" አሉ እማማ። አባትህ ግን በሩን ከዚያ በላይ አልከፈቱትም። እኔን አያዩኝም፣ መሬት መሬት ያያሉ።

እዚህች ላይ ደሜ ፈላ። አልዋሽህም፤ ቂም ይዘውብኝ ነው፣ ከእኔ እጅ ብርድ ልብስ እንኳን አንቀበልም ማለታቸው ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። ካፖርቱን አይቻለሁ፤ ለምን ቤት ውስጥ ካፖርት ይለብሳሉ አላልኩም። ቅዝቃዜው በበሩ ክፍተት ወጥቶ ፊቴን ነክቶኛል፤ እሱንም ዝም አልኩት። "እሺ አባባ፣ ደህና ይዋሉ" ብዬ እዚያው በራቸው ላይ ቆሜ የመጨረሻው አምድ ላይ ምልክት አደረግኩ። በእስክርቢቶ፣ ጫን አድርጌ።

ወንድሙ ከመኪናው ሆኖ "ምን ላውርድ?" አለኝ።

"ምንም። አይፈልጉም።"

"ስንቴ ጠየቅሻቸው?"

"ወንድሙ፣ ንዳ!"

አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅኳቸው፣ ሰመረ። ከዚያ ቀን በፊት አይቻት ለማላውቃት ልጅ ሦስት ጊዜ ለምኜ፣ ለአንተ እናትና አባት አንድ ጊዜ ጠይቄ ሄድኩ። ደንቡን ባላውቀው ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

በኋላ እንደሰማሁት ማክሰኞ ዕለት ውሃው እስከ ጉልበታቸው ደርሶ ነበር። ሁለቱ በባልዲ ሲቀዱ አድረዋል። የሕንጻው ሰዎች አደጋ አለው ብለው የምድር ቤቱን መብራት ቆርጠውታል፣ ማሞቂያውም አብሮ ጠፍቷል። ምሽቱ ደግሞ ውርጭ መጣል ጀምሯል። ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ወደየዘመዳቸው ሄደዋል። የእነሱ ዘመድ እኔ ነበርኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባትህ ብቻቸውን ወደ አዳራሹ ገቡ። ሔቨን ሮጣ አቀፈቻቸው። "እማማስ?" ስላቸው ከሩቅ "ትንሽ ራሷን አሟት ነው፣ የበላችውም አልረጋላት አለ" ብለውኝ ወደ በሩ ዞሩ። እኔ ብርድ ልብስ እየቆጠርኩ ነበርና "ይማራቸው" ብዬ ቁጥሬን ቀጠልኩ። ሔቨን ተመልሳ መጣች።

"ማሚ፣ አባባ ስሜልስ ላይክ ስሞክ። ላይክ፣ ሪሊ ባድ።"

"ጭስ ጭስ የሚሸቱት ዕጣን ነው፣ የኔ እናት። ቤተ ክርስቲያን አይደል ያለነው?"

"ኖ ማሚ፣ አይ ኖው ዕጣን። ዚስ ኢዝ ባርቤኪው።"

እጄ ብርድ ልብሱ ላይ ቀረ። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የባርቤኪው ከሰል ሽታ፣ ቤት ውስጥ ካፖርት። መጦሪያ ቤቱ በየዓመቱ ሰብስቦ ያስተምረናል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ያ ከከሰል የሚወጣው መርዝ፣ አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰውን አስተኝቶ ነው የሚገድለው። አባትህን ፓርኪንጉ ላይ ደረስኩባቸው።

"አባባ፣ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዳችኋል?"

"ለምንጣፉ ነው ልጄ፣ እንዲደርቅ። ማሞቂያው እስኪመጣ ብቻ።"

"አሁንም እየነደደ ነው?"

አቀረቀሩ። "እንዳይበርዳት ጨመርመር አድርጌላት ነው የወጣሁት" አሉ።

ሔቨንን ለሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ጥዬ ወንድሙ መኪና ላይ ወጣን። 911 እየደወልኩ አድራሻውን ስናገር የአማቶቼን የቤት ቁጥር ከዝርዝሩ ላይ ነው ያነበብኩት። ከቤተ ክርስቲያኑ ቻምበርስ ሮድ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። መብራቱ ሁሉ ቀይ ያዘን። አባትህ በመካከላችን ተቀምጠው "ቀስ በል ልጄ፣ ምንም አልሆነችም፣ ተኝታ ነው" ይሉታል ወንድሙን። ቁልፉን ከወዲሁ ከኪሳቸው አውጥተው ይዘዋል።

በሩ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ቁልፉ ዞረ፣ በሩ ግን ንቅንቅ አልል አለ። "እማማ! እማማ ለተሚካኤል!" እያልኩ ደበደብኩ። ወንድሙ ገፍትሮ አንሥቶኝ በትከሻው መታው፣ ደገመው፣ አራተኛው ላይ ከነማጠፊያው ነቀለው።

የከሰል ምድጃው ሳሎኑ መካከል ፍሙ እንደጋመ ተቀምጧል። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፣ ሥሩ በፎጣ ተጠቅጥቋል። እናትህ ሶፋው ላይ፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ አንገታቸው ወደ ጎን ወድቋል። ብጠራቸው አይሰሙም። ትንፋሼን ይዤ በብብታቸው ገባሁ፣ ወንድሙ እግራቸውን ያዘ። በሥራዬ ስንት አረጋዊ እንዳነሣሁ እግዚአብሔር ያውቃል፤ እንደ እናትህ የከበደኝ የለም። ደረጃውን ወጥተን ሣሩ ላይ አስተኛናቸው። አምቡላንሱ እስኪደርስ "እናቴ፣ እናቴ" እያልኩ ጉንጫቸውን ስመታ ነበር አሉ። እኔ አላስታውሰውም፤ ወንድሙ ነው የነገረኝ።

አሁን ሆስፒታል አራተኛ ቀናቸው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ኦክስጅን ላይ ነበሩ። ዛሬ ጠዋት ሾርባ ጠጡ፤ ጨው የለውም ብለው ነርሷን ተቆጧት፣ ደስ አለኝ። ልባቸው ደህና ነው ተብሏል። አባትህም ተመርምረው ጥቂት ነው የነካቸው፤ ለቤተ ክርስቲያን ብለው ባይወጡ ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም። የእናትህ ችግር ማስታወስ ላይ ነው። ሔቨንን ያውቃሉ፣ እኔን ያውቃሉ፣ የድሮውን ሁሉ ያወራሉ። አንተ መሄድህን ግን ረስተውታል። በነቁ ቁጥር "ሰመረ ከሥራ ገባ?" ይላሉ። መጀመሪያ ጊዜ አባትህን አየኋቸው፣ እሳቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ። "መንገድ ላይ ነው እማማ" አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሁሌም እንዲሁ እላለሁ። ሐኪሙ በሳምንታት ውስጥ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለ።

ሰኞ ከሰዓት ወደ አዳራሹ ሄጄ ዝርዝሩን አወጣሁና "አያስፈልጋቸውም" የተባሉትን ቤቶች በሙሉ ወንድሙና እኔ እንደገና ዞርን። አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። በእያንዳንዱ በር የሚጠጣ ውሃ ጠይቄ ገባሁ። ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ አራቱ ርጥብ ነበሩ፤ ሁለቱ ቤት ከሰል አገኘን። ሀይለማርያም ያንን አምድ ከቅጹ ላይ ሰርዞታል። ማንም አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

አባትህን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እንደምታውቀኝ ይቅርታዬም ከቁጣ አይለይም። "ለምን አልነገሩኝም? ሰው ነኝ አይደለም?" ብዬ ኮሪደሩ ላይ ጮኽኩባቸው። እሳቸው ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ እንዲህ አሉኝ፤ "ብንነግርሽ ውሰጂን ማለት ይሆናል። እቤትሽ ቦታ እንደሌለ እናውቃለን ልጄ። አንቺን ከምናስጨንቅ ብለን ነው።" ክፋት የለበትም አነጋገራቸው። እሱ ነው የገደለኝ። አንተ ነግረሃቸው ይሁን በራሳቸው ገብቷቸው፣ አልጠየቅኳቸውም፤ አንተም እንዳትነግረኝ።

ሆስፒታሉ የፊታችን ሰኞ ያስወጣቸዋል፤ የት እንደሚገቡ አሳውቁን ብሎ ወረቀት ሰጥቶናል። የቻምበርሱ ቤት የሰው መኖሪያ አይደለም፣ ግድግዳው ሻግቷል። አባትህን ቤት እንሂድ አልኳቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይበቃናል አሉ። ትናንት ደገምኩ፤ "ለሁለት ሽማግሌ አንድ ፍራሽ አይጠፋም" አሉ። ዛሬ ጠዋት ተንበርክኬ ጠየቅኳቸው። በክንዴ ይዘው እያነሡኝ "የልጄ ቤት ነው። እሱ በሌለበት፣ ተጣልታችሁ ሳለ፣ እኔ በምን ዓይኔ እገባለሁ? ሰመረ ይጥራን" አሉ። ከዚህ በኋላ ብለምናቸውም ንቅንቅ አይሉም። ከማን እንደወረስከው አሁን ገባኝ።

መኝታ ቤታችንን ለቅቄላቸዋለሁ። ወንድሙ መታጠቢያው ላይ የእጅ መደገፊያ ብረት ገጥሞልኛል፣ የጭስና የጋዝ ማስጠንቀቂያ በየክፍሉ ሰቅሏል። እኔ ሔቨን ክፍል ወለል ላይ ነኝ፤ "ማሚ፣ ዩ ስኖር" እያለች ታባርረኛለች። የቀረው የአንተ ቃል ነው። እና አንተ። ቃልህን ብቻ በሰው እጅ ልከህ እዚያው የምትቀር ከሆነ ለአባትህ ይበቃቸው ይሆናል፤ ለእናትህ አይበቃቸውም። ለእኔም አይበቃኝም። ናፍቀኸኛል፤ ይህን መጻፍ ያንን በር ከመስበር ይከብዳል። ጥፋቴን ይቅር በለኝ አልልህም፤ እዚህ መጥተህ፣ ፊት ለፊቴ ቆመህ ተቆጣኝ። ጨርቄን ማቄን ሳትል ተነሥ።

ባሕሩ ይርጋላችሁ፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ቢላዋም እግዚአብሔር ጣቶችህን ይጠብቅልኝ። ዐውሎውን ያሳለፈህ አምላክ የምትመለስበትን ሰማይ ይጥረግልህ። ሔቨን ሁለት ጥርሷ ወልቋል፣ አንተ ሳታየው አዲሱ እንዳይበቅል ትላለች።

ይህን የምጽፈው እናትህ አልጋ አጠገብ ሆኜ ነው። ልዘጋው ስል ነቁ።

"ምን ትጽፊያለሽ?" አሉኝ።

"ለሰመረ ነው፣ እማማ።"

"ከሥራ ሲገባ አትነግሪውም? ወረቀት ምን ያደርጋል?"

"መንገድ ላይ ስለሆነ ነው።"

"እንግዲያ እስኪመጣ አልተኛም" አሉና ትራሳቸውን ከፍ እንዳደርግላቸው ጠየቁኝ። አደረግኩላቸው። ይኸው ተቀምጠው በሩን እያዩ ነው። ሰመረ፣ እባክህ እውነት መንገድ ላይ ሁን።

ሚስትህ
ስምረት